በብርሌው ላይ ያለው መስኮት የማን ነው?

በግዑዝ ነገሮች ሥዕል፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች «ስቲል ላይፍ» በሚባለው ዘርፍ፣ ከሸራው ሁሉ ትንሹን ስፍራ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ የመስኮት ነጸብራቅ ነው። በብርጭቆ ጎን፣ በብርሌ ሆድ ወይም በማንቆርቆሪያ ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ብሩህ ምልክት ነው። ተመልካች አንድ ጊዜ ያየውና «ይህ መስታወት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሁንና ያ ምልክት ስለ ብርጭቆው ከሚናገረው ይልቅ ከሥዕሉ ውጭ ስለ ቀረው ነገር የሚናገረው ይበዛል፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ማዶ ስላለው ሰማይ፣ ስለ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ስለ ሠዓሊው ስለ ራሱ። በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ዕቃዎች ወደ ሌላ ቤት ተወስደው እንደ ገና ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ነጸብራቁ ግን አብሯቸው አይሄድም። ስለዚህ የመስኮት ነጸብራቅን በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ የሚሥለው ከፊቱ ያለውን መስኮት ነው ወይስ ከሌሎች ሥዕሎች የተማረውን?

የመስኮት ነጸብራቅ በታላቅ ጥንቃቄ ከተሣለባቸው ትውፊቶች ቀዳሚው የሰሜን አውሮፓው ነው። ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለውና ዛሬ በለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ የሚገኘው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት አለው። በመስታወቱ ውስጥ መስኮቱ ጎብጦ ይታያል፤ በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችም ይታያሉ። አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1500 በሣለው የራሱ ምስል ዐይኖች ውስጥ የመስኮት ነጸብራቅ ይታያል፤ በ1502 በሣላት ጥንቸል ዐይን ውስጥም እንዲሁ መስኮት አለ። ጥንቸሏ በሜዳ ላይ እንዳለች አድርጎ ማሰብ የሚፈልግ ተመልካች በዚያች ዐይን ምክንያት ወደ ክፍል ውስጥ ይመለሳል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በሃርለም ከተማ ፒተር ክላስና ቪለም ክላስዞን ሄዳ ቀላል የምግብ ገበታዎችን ሲሥሉ፣ ከዳቦውና ከተላጠው ሎሚ አጠገብ በሚያቆሙት አረንጓዴ ቀመስ የወይን ብርጭቆ ላይ የመስኮታቸውን ነጸብራቅ ያኖሩ ነበር። ሄዳ በ1635 የሣለውና በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የሚገኘው ባለ ወርቅ ቅብ ጽዋ ገበታ ከእነዚህ አንዱ ነው። ክላስ በ1628 ገደማ በሣለው፣ ቫዮሊንና የመስታወት ኳስ በሚታዩበት ሥዕል፣ በኳሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ሠዓሊው ራሱ በሸራው ፊት ተቀምጦ ይታያል። ከእነርሱ ቀደም ብላ ክላራ ፔተርስ በ1612 በሣለችው፣ ዛሬ ካርልስሩኸ ባለው ሥዕል፣ በወርቅ ቅብ ጽዋው እብጠቶች ላይ የገዛ ፊቷን ደጋግማ አኑራለች። ይህ የሠዓሊዋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ወደ ውጭ ያበጠ አንጸባራቂ አካል ለሚመለከተው ሰው ዘወትር ራሱን መልሶ ያሳየዋል፤ ከዐይኑ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው ነጥብ ላይ የሚያገኘው የራሱን ምስል ነውና። ፔተርስ ያየችውን ሣለች።

ነገር ግን በአንድ ክፍል የታየ ነገር በሌላ ክፍል ልማድ ይሆናል። ባለ አራት መስታወቱ፣ በመካከሉ መስቀል ያለው መስኮት ከሠዓሊ ወደ ሠዓሊ ሲተላለፍ ቆይቶ ከመታየት ወደ መታወስ ተሸጋገረ። በቀልድ ሥዕሎች በሜዳ ላይ የሚበር ፊኛ ሳይቀር በጎኑ ላይ መስኮት ተሥሎበት ይገኛል፤ በዙሪያው ቤት የለም፣ ሠዓሊውም አልተጨነቀም። ምልክቱ «ይህ ነገር ያንጸባርቃል» ማለት ብቻ ሆኗል፤ «ይህ ነገር እዚህ ነበር» ማለቱን ትቷል። ይህ ልማድ ለማስታወቂያና ለቀልድ ሥዕል ነውር አይሆንም። ከዕቃው ፊት ቆሞ ለሚሥል ሰው ግን ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጥ ምስክርነት የሚሰጠውን ስፍራ ለሌላ ሰው ትዝታ እንደ መልቀቅ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊት በአብዛኛው ከአንድ ወገን የሚገባ ብርሃን፣ በምድር ላይ የሚወድቅ ጥላም ሆነ የመስኮት ነጸብራቅ አይፈለግም። ቅዱሳኑ የሚታዩት ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ በማይባልበት፣ ሰዓት በሌለው ብርሃን ነው። ይህ የችሎታ ጉድለት ሳይሆን የዓላማ ልዩነት ነው፤ የሚሣለው ዘላለማዊው እንጂ አላፊው ሰዓት አይደለምና። የመስኮት ነጸብራቅ ደግሞ በተቃራኒው ሁለመናው ሰዓትና ስፍራ ነው። ከዚያ ትውፊት ወጥቶ ወደዚህኛው የሚገባ ተማሪ የሚቀበለው አዲስ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ «የት ነህ? ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጥያቄም አብሮ ይቀበላል። ጥያቄውን በሃርለም መስኮት ከመለሰ ዘዴውን ተቀብሎ ጥያቄውን ትቶታል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ አሮጌ ሰፈር ከእናቷ ጋር የምትኖር የሥዕል ተመራቂ ይህን ጥያቄ በአንድ ብርሌ ላይ ገጠመችው። ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠቻቸው ዕቃዎች ጥቂት ነበሩ፦ ጠጅ የተቀዳበት የእናቷ ብርሌ፣ ጥቁር ጀበና፣ ሁለት ሎሚና ነጭ የጥጥ ጨርቅ። ጠረጴዛው ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። መስኮቱ የብረት ፍሬምና የሌባ መከላከያ ፍርግርግ ያለው ነው፤ ማዶው የዛገ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ኋላ ደግሞ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕንጻ ነበር። ሥራው በኅዳር ሲጀመር ሕንጻው ከጣሪያው በላይ እምብዛም አይታይም።

የሰሜን መስኮት መምረጧ ከመጻሕፍት የመጣ ምክር ነው። በአውሮፓ ለሠዓሊ የሥራ ክፍል የሰሜን ብርሃን ይመረጣል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማይገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው በከተማዋ ሰሜን በኩል ነው። በእነዚያ ወራት የሰሜን መስኮት ፀሐይ ይገባዋል፤ ደመናው ካልከለለው በቀር። ስለዚህ የመጽሐፉ ምክር በአዲስ አበባ የሚሠራው ለተወሰኑ ወራት ብቻ ነው። ሠዓሊዋ ይህን ስታሰላ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ብቻ እንዳላት ተረዳች። የዘይት ቀለም ደግሞ የሚቸኩል ነገር አይደለም። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ስስ ድርብ እንኳ ለመንካት እስኪደርቅ ቀናትን ይጠብቃል።

ብርሌ ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚመች ዕቃ ነው። ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ ብርሃንን በየራሳቸው መንገድ ይይዛሉ። በፊተኛው ገጽ ላይ መስኮቱ ቀጥ ብሎ፣ አንሶና ጎብጦ ይታያል፤ የፍርግርጉ ዘንጎች ከብርሌው ክብነት ጋር ይቀስታሉ። ከኋለኛው ግድግዳ፣ ከውስጥ ሲታይ እንደ ጎድጓዳ መስታወት ከሚያገለግለው ገጽ፣ ሁለተኛ መስኮት ይመጣል፤ ይህኛው ደብዛዛና የተገለበጠ ነው፣ ሰማዩ ከታች፣ ጣሪያው ከላይ። ከዚህ ሌላ በጠጁ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን በመስኮቱ ወገን ሳይሆን በተቃራኒው ወገን ይሰበሰባል። ብርሌው ይበልጥ የሚግለው ጥላ ይሆናል ተብሎ በሚጠበቅበት ጎን ነው፤ በጨርቁ ላይ ከሚወድቀው ጥላ መካከልም ወርቃማ የብርሃን ጠብታ ይቀመጣል። ይህን ያላጤነ ሠዓሊ ብርሌውን እንደ ሎሚው ያጠላውና ጠጁን ወደ ሸክላ ይለውጠዋል።

ቀለሙም የራሱ ሕግ አለው። በመስታወት ገጽ ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ወደ ጠጁ ስላልገባ የጠጁን ቀለም አይወስድም፤ የሰማዩን ቀለም እንደ ያዘ ይመለሳል። በናስ ወይም በመዳብ ዕቃ ላይ ቢሆን ኖሮ ነጸብራቁ በብረቱ ቀለም በተነከረ ነበር። ስለዚህ በብርሌው ላይ ቀዝቃዛ ሰማያዊ ግራጫ በሞቃት ወርቃማ ቢጫ ላይ ያርፋል፤ የመስታወትነት ስሜት የሚመጣው ከዚህ ተቃርኖ ነው። ነጸብራቁን በቢጫ የለወሰ ሰው ብርሌውን ናስ አድርጎታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የብርሃን መጠን ነው። መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ ከአንድ ገጹ የሚመልሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ጠርዙ ስንሄድ ይህ እየጨመረ ይመጣል። ሰማዩ እጅግ ብሩህ ስለሆነ ያ 4 በመቶ እንኳ ከጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ጋር ሊፎካከር ወይም ሊበልጠው ይችላል። በሌላ በኩል ሠዓሊው በእጁ ያለው ነጭ ቀለም ነው፤ ከነጩ በላይ የሚያበራ ቀለም የለም። በዓለም ውስጥ በብሩህ ሰማይና በክፍል ጨለማ ጥግ መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በነጭና በጥቁር ቀለም መካከል ያለው ግን ከጥቂት ዐሥርታት እጥፍ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ነጸብራቁ እንዲያበራ የሚደረገው ነጭ በመጨመር ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ዝቅ በማድረግ ነው። ጨርቁ ነጭ መሆኑ እየታወቀ በግራጫ ይሣላል። ብዙ ጀማሪዎች ጨርቁን በንጹሕ ነጭ ከጨረሱ በኋላ ለነጸብራቁ የሚሆን ነገር ያጣሉ፤ ገንዘቡን በመጀመሪያው ሱቅ እንደ ጨረሰ ገበያተኛ ማለት ነው።

ሠዓሊዋ ሸራውን አስቀድማ በመካከለኛ ግራጫማ ቡናማ ቀባችው፤ በነጭ ሸራ ላይ ማንኛውም ቀለም ጨለማ መስሎ ዐይንን ያታልላልና። የመጀመሪያውን ድርብ በበርንት አምበር፣ ዘይት ሳታበዛ አስቀመጠች፤ አምበር ፈጥኖ ይደርቃል፣ ዘይት የበዛበት ድርብ ደግሞ ዘይት ባነሰበት ላይ እንጂ ከሥሩ አይሆንም። ጥቁሩን ጀበና ከአልትራማሪንና ከአምበር ቅልቅል ሠራችው። ብርሌውን እንደ ብርሌ አልጀመረችውም፤ በእርሱ ውስጥ የሚታየውን ግድግዳ፣ ጨርቅና ጥላ ሣለች፤ የመስታወት አካል ከኋላው ያለው ነገር ተጣምሞ መታየቱ ነውና። ጠጁን በስስ ግልጽ ድርብርብ ቢጫና ቡናማ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረበች አሞቀችው። የነጸብራቁን ስፍራ ግን ባዶ ተወችው።

በዚህ መካከል ጠጁ ራሱ አስቸገረ። ብርሌው ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር ጠጁ እየኮመጠጠ፣ መልኩም እየተለወጠ ሄደ። እናቷ በየሳምንቱ ስትቀይርላት ቆይታ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ጠጅ ለመጠጣት እንጂ ለመታየት ይጣላል እንዴ?» አለቻት። «እማዬ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» ብትላት፣ እናትየው ቀጠን ያለ ሻይ አቅርባ ብርሌውን ሞላችው። መልኩ ተመሳሰለ፤ ሻዩ እንዲያውም ከጠጁ ይልቅ ጥርት ያለ ነበርና የተገለበጠው መስኮት ጎልቶ ታየ።

ሻይ መተካት ይቻላል፤ ሰማይ ግን አይተካም። በታኅሣሥ ሕንጻው አንድ ወለል ጨመረ፤ በጥር ሌላ። በእያንዳንዱ ወለል በብርሌው ሆድ ላይ ያለው ሰማያዊ ግራጫ ከታች ወደ ላይ እየተበላ ሄደ። በጥር አጋማሽ ደግሞ የጎረቤቱ ቤት ፈርሶ የዛገው ጣሪያ ከነጸብራቁ ጠፋ። ሌሎቹ ዕቃዎች ባሉበት ናቸው፤ ሎሚዎቹ እንኳ በአዲስ ሲተኩ ልዩነታቸው አይታወቅም። የሚለወጠው ያ የጥፍር ያህል ስፍራ ብቻ ነበር። አማካሪ መምህሯ ሥራውን ሲያዩ፣ «ሕንጻውን ተይው፤ ንጹሕ ሰማይ ብቻ ሣዪበት፤ ሥዕሉ ይረጋጋል» አሏት። ምክሩ በቅንብር ረገድ ትክክል ነበር። እርሷ ግን፣ «መምህር፣ ሰማዩን ብቻ ከሣልኩት የእኛ መስኮት አይሆንም» ብላ መለሰች።

ይሁንና «ያየሁትን እሥላለሁ» ማለት ብቻውን አልበቃትም፤ የትኛውን? የዘይት ሥዕል በወራት የሚሠራ ነው፤ የኅዳሩ፣ የታኅሣሡና የጥሩ መስኮት አንድ አይደሉም። ሁሉን በአንድ ላይ ብታኖር የትም ያልነበረ መስኮት ይሆናል፤ ያም ሌላ ዓይነት ልማድ ነው። ደግነቱ ከኅዳር ጀምራ በየሳምንቱ ነጸብራቁን ብቻ፣ በልኩ፣ በካርቶን ቁራጮች ላይ በዘይት ቀለም ትሥል ነበር። እነዚያን በጠረጴዛ ላይ ደርድራ አነጻጸረቻቸው። የመረጠችው በጥር መጀመሪያ የሠራችውን ነው፤ ሕንጻው እስከ ፍርግርጉ መካከለኛ ዘንግ የደረሰበት፣ ሰማዩ ግማሽ የቀረበት፣ ጣሪያው ገና ያልተነሣበት ሳምንት። ወደ ሸራው ስታስተላልፈው በጥቂት ብሩሽ ምት ጨረሰችው፦ ለሰማዩ በጥቂት ሰማያዊ የቀዘቀዘ ታይታኒየም ነጭ፣ ለሕንጻው ግራጫ፣ ለጣሪያው አንድ ቀጭን የዝገት ቀለም መስመር፣ ለዘንጎቹ ቀለሙ ሳይደርቅ በንጹሕ ብሩሽ የተጠረጉ ሦስት ጎባጣ ጭረቶች። የነጸብራቁን አንድ ጠርዝ ስለታም ተወችው፤ ሌላውን በደረቅ ብሩሽ አለሰለሰችው። በመሐሉ ደግሞ የራሷ ራስ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀረ፤ አላጠፋችውም።

ሥዕሉ ሲጠናቀቅ እናትየው ቀርባ አየችው። ስለ ብርሌው መስታወትነት፣ ስለ ጨርቁ እጥፋት ምንም አላለችም። ጣቷን ወደ ቀጭኗ የዝገት መስመር አቅርባ፣ «ይቺ የእትዬ ጣሪያ አይደለችም እንዴ?» አለች። በዚያን ጊዜ ጎረቤቷ ከሰፈሩ ከለቀቁ ወር አልፏቸው ነበር። መስመሯ ከስንዴ ቅንጣት አትረዝምም። ከዚያ በኋላ እናትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሠዓሊ ሁሉ የሰፈሩን ሕንጻ ይሣል የሚል አይደለም። ነጸብራቁን ደብዛዛ ማድረግ፣ መቀነስ፣ እስከ ጭራሹም መተው ይቻላል፤ ቅንብር የራሱ መብት አለው። ልዩነቱ ያዩትን በመተውና ያላዩትን በመጨመር መካከል ነው። ያዩትን የተወ ሠዓሊ መርጧል፤ ያላየውን መስኮት የሣለ ግን ምርጫውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። የሃርለም ሠዓሊዎች ዛሬም የሚደነቁት መስኮታቸው ውብ ስለ ነበረ አይደለም፤ የእነርሱ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ በሥዕል ክፍሎች ውስጥ ቀላል ልምምድ ሊለመድ ይገባል። ተማሪው ብርሌውን ከመሣሉ በፊት ለዕቃዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱን ብቻ ይሣል፤ ስንት ዘንግ እንዳለው ይቁጠር፣ ከማዶው ምን እንዳለ ይጻፍ፣ ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትመጣና በየትኛው ወር እንደምትሻገር ይመርምር። ከዚያ ዞሮ ያንኑ መስኮት በብርሌው ላይ ይፈልገው። ይህ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብሩሹን ቢያነሣ የሚሥለውን ያውቀዋል።